ቲማቲሙ መቼ ተረጨ?

አዳማ ውስጥ በአንድ የወላጆች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ሰዓት አጥሮኝ የዘለልኳቸውን ነገሮች እዚህ መልሼ አስገብቻለሁ። አነጋገሩን ግን እንዳለ ትቼዋለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ። በዚህ ሙቀት፣ ያውም በእረፍት ቀናችሁ ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ።

የተሰጠኝ ጥያቄ አጭር ነው። ኦርጋኒክ ምግብ እውነት ለጤና ይሻላል ወይ? ጥያቄውን ያነሱት እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት እናት ናቸው። ባለፈው ስንገናኝ «ልጄ፣ የምገዛው ሁሉ መርዝ እየመሰለኝ ገበያ መውጣት አስጠላኝ» አሉኝ። ይህ ንግግራቸው ከአእምሮዬ አልወጣም። እናት የምታበላውን ከፈራች ምን ቀራት?

የግብርና ባለሙያ ነኝ። ለ14 ዓመት ከቆቃ እስከ መቂ ባሉ የመስኖ እርሻዎች ቲማቲምና ሽንኩርት ስከታተል ኖሬያለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ ግማሹ ያነበብኩት ነው፤ ግማሹ በዓይኔ ያየሁት።

መጀመሪያ ቃሉን እናጥራው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ቃል ወደ ሰፈራችን የገባው በቅርቡ ነው። ሐሳቡን ግን ድሮም በሌላ ስም እናውቀዋለን። «የሀበሻ» እንላለን። የሀበሻ ዶሮ፣ የሀበሻ እንቁላል፣ የሀበሻ ጎመን፣ የሀበሻ ነጭ ሽንኩርት። አነስ ያለ፣ ጣዕሙ ጠንከር ያለ፣ ኬሚካል ያልነካው ማለታችን ነው። ሻጯ «የሀበሻ ነው» ካለች ዋጋው ይጨምራል። እኛም ብዙ ሳንከራከር እንከፍላለን።

በሕግ ቋንቋ ግን ኦርጋኒክ ማለት ደንብና ቁጥጥር ነው። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ አንድ መሬት ኦርጋኒክ ለመባል ለ3 ዓመት የተከለከለ ኬሚካል ያልነካው መሆን አለበት። ተቆጣጣሪ ይመጣል፣ መዝገብ ያገላብጣል፣ ከዚያ ነው ማህተሙ የሚሰጠው። እኛም አገር በ1998 ዓ.ም. የወጣ የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓት አዋጅ አለ፤ ቁጥሩ 488 ነው። በተግባር ግን ምስክር ወረቀቱን በብዛት የምናየው ወደ ውጭ በሚላከው ቡና፣ ሰሊጥና ማር ላይ ነው። አዳማ ገበያ ሸራ ላይ የተዘረጋ ጎመን ወረቀት የለውም። «የሀበሻ ነው» የምትለው ሻጭ ከደላላው የሰማችውን ነው የምትነግራችሁ። እሷ አልዋሸችም። ማሳውን አላየችውም፣ ያ ብቻ ነው።

ሌላም ሁሌ የሚምታታ ነገር አለ። ሰው «በማዳበሪያ የበቀለ ነው» ብሎ ሲፈራ እሰማለሁ። ማዳበሪያና ፀረ ተባይ ለየቅል ናቸው። ዩሪያ ናይትሮጅን ነው፤ እበትም ናይትሮጅን አለው። ተክሉ በሥሩ ሲስበው ከሁለቱም የሚወስደው ያንኑ ነገር ነው። ማዳበሪያ ሲበዛ አፈሩንና ውሃውን ይጎዳል፤ ያ ራሱን የቻለ ትልቅ ችግር ነው። ሳህናችን ላይ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ነፍሳት፣ ፈንገስና አረም ለመግደል የሚረጨው ነው።

አሁን ወደ ጥናቱ እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2012 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ200 በላይ ጥናቶችን ሰብስበው መረመሩ። በቪታሚን ረገድ በኦርጋኒኩና በመደበኛው መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። የለዩት በኬሚካል ቅሪት ነው። ከመደበኛው አትክልትና ፍራፍሬ ከ100 ናሙና 38ቱ ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ። ከኦርጋኒኩ ደግሞ ከ100 ናሙና 7ቱ ላይ። ቅሪት ተገኘ ማለት ከተፈቀደው በላይ ሆነ ማለት አይደለም፤ ጣሪያውን ያለፈው በሁለቱም በኩል ጥቂት ነበር። ኦርጋኒኩም ዜሮ እንዳልሆነ ልብ በሉ። ንፋስ ከጎረቤት ማሳ ያመጣል፣ አፈር ውስጥም የቆየ አለ።

ከ2 ዓመት በኋላ በእንግሊዙ ኒውካስል ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ቡድን 343 ጥናቶችን አይቶ ትንሽ ለየት ያለ ነገር ተናገረ። ኦርጋኒኩ ሰብል ፀረ-ኦክሲዳንት የሚባሉት፣ ሰውነትን ከጉዳት ይከላከላሉ የሚባልላቸው ንጥረ ነገሮች ይበዙበታል፣ ካድሚየም የተባለው መርዛማ ብረትም ያንስበታል አለ። ጥሩ ነው። ግን ይህ ልዩነት ሰውን ምን ያህል ጤነኛ እንደሚያደርግ ያ ጥናት አልለካም።

ካንሰርስ? ፈረንሳይ ውስጥ ወደ 69 ሺህ ሰዎች የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ኦርጋኒክ አዘውትረው የሚበሉት ላይ ካንሰር በ25 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዜናው ዓለምን አዳረሰ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2014 ግን እንግሊዝ ውስጥ ከ600 ሺህ በላይ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት በአጠቃላይ ካንሰር ላይ ልዩነት አላገኘም ነበር። ሁለቱም ሰውን እየተከታተሉ ያዩ እንጂ የሚበላውን መድበው የፈተኑ አይደሉም። ፈረንሳይ ውስጥ ኦርጋኒክ የሚገዛ ሰው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ገቢው የተሻለ፣ ስፖርት የሚሠራ፣ ብዙ አትክልት የሚበላ ነው። ጤናውን የሰጠው የትኛው ነው? ተመራማሪዎቹ ይህን በሒሳብ ለመለየት ሞክረዋል። ሙሉ በሙሉ መለየት ግን ከባድ ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ የራሴን ልጨምር። እነዚህ ጥናቶች የተሠሩት ተቆጣጣሪ ባለበት አገር ነው። የእነሱ መደበኛ ቲማቲም የኛ መደበኛ ቲማቲም አይደለም። እነሱ ዘንድ ገበሬው ምን እንደረጨ ይመዘግባል፣ ናሙና ይወሰዳል፣ ጣሪያውን ካለፈ ይቀጣል። ስለዚህ «ፈረንጆች ልዩነት የለም ብለዋል» ብዬ ላረጋጋችሁ አልችልም። ማሳው ላይ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ከቆቃ ወረድ ብሎ ባለ አንድ ማሳ ነው። ጊዜው ማለዳ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ፣ ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው፣ ሰማያዊ በርሜል ላይ ጎንበስ ብሏል። ሦስት ዓይነት መድኃኒት አንድ ላይ እየበጠበጠ ነው። ገበሬው «መድኃኒት» ነው የሚለው፤ መርዝ አይለውም። መለኪያው የሰርዲን ቆርቆሮ ነው። በዱላ ያማስላል፤ ዱላው አልደርስ ሲለው ክንዱን እስከ ክርኑ ያስገባል። ጓንት የለም፣ ጫማ የለም። አፉን በፎጣ አስሯል። መርጫውን አዝሎ በመስመሩ መሐል ሲሄድ ንፋሱ ወደ ፊቱ ይመልስበታል። የዚህን አካባቢ ንፋስ ታውቁታላችሁ።

ሲጨርስ እጁን በሱሪው ጠርጎ ዳቦ በላ። ማታ አሞት አገኘሁት። ያልበዋል፣ ምራቁ ይዝረበረባል፣ ያስመልሰዋል። «ጉንፋን ነው» አለኝ። ጉንፋን አልነበረም። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች ሰው ላይ የሚያሳዩት ምልክት ልክ ይህ ነው፤ ነርቭን ነው የሚይዙት። ይዤው ጤና ጣቢያ ሄድኩ፣ ደግነቱ ተረፈ። ያ ማሳ ግን በማግስቱ ጠዋት ተለቀመ። ሳጥን ተሞላ፣ አይሱዙ መጣ፣ ተጫነ። ከርጭቱ እስከ ለቀማው 1 ቀን ብቻ ነበር።

በእያንዳንዱ ፀረ ተባይ እቃ ላይ የሚጻፍ ቁጥር አለ። ከተረጨ በኋላ ለመልቀም ስንት ቀን መጠበቅ እንዳለበት ይናገራል። አንዱ 3 ቀን ይላል፣ ሌላው 7፣ ሌላው 14 እና ከዚያም በላይ። በነዚያ ቀናት ውስጥ ፀሐዩም፣ ውሃውም፣ ተክሉ ራሱም መርዙን ይሰባብሩታል። ቁጥሩ ከተጠበቀ ቅሪቱ ይወርዳል። ካልተጠበቀ እናንተ ድስት ውስጥ ነው የሚገባው። ሕጉም አለን፤ የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። እኔ ያየኋቸው ብዙዎቹ እቃዎች ግን ጽሑፋቸው በእንግሊዝኛ ነው፣ ፊደሉም ደቃቅ ነው። ያ ልጅ እንዴት ያንብበው?

ገበሬውንም ልትረዱት ይገባል። ቲማቲም በአንድ ቀን ተለቅሞ አያልቅም፤ በየጥቂት ቀኑ ይለቀማል። በሽታውና ነፍሳቱ ደግሞ በየሳምንቱ ርጭት ይጠይቃሉ። 14 ቀን ልጠብቅ ቢል ፍሬው ማሳ ላይ ይበሰብስበታል። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 ከደቡብ አሜሪካ የመነጨች አንዲት የእሳት ራት አገራችን ገባች። ቱታ አብሶሉታ ትባላለች። ትሏ ቅጠሉን ሰርስራ ውስጥ ስለምትደበቅ መድኃኒቱ በቀላሉ አያገኛትም። በብድር ዘርና ነዳጅ የገዛ ሰው ማሳው በሳምንት ውስጥ ሲነድ ሲያይ መጠኑን ይጨምራል፣ ይደጋግማል። እኔ በዚያ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ እጠይቃለሁ።

ሰብል ሁሉ እንዲህ ነው ብላችሁ ግን እንዳትሄዱ። ጤፍን ውሰዱ። ጤፍ ላይ ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ፀረ አረም ይረጫል፤ ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ግን የሚረጨው ጤፉ ገና ቡቃያ ሳለ ነው። እስኪታጨድ ወራት አሉ። ቲማቲም ላይ ቀናት፣ ጤፍ ላይ ወራት። «ኬሚካል ነክቶታል ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ይልቅ «መቼ ነካው?» የሚለው ብዙ ይነግራችኋል።

እሺ፣ ታዲያ ኬሚካል ያልነካውን ብቻ ብንበላ አንድንም ወይ? እዚህ ላይ ቆም እንበል።

የወንጂን ሰው ጥርስ አይታችኋል። ከእናንተም መካከል ወንጂ ያደገ ይኖራል። ያ ቡናማ ቀለም የመጣው ከጉድጓድ ውሃ ነው። በስምጥ ሸለቆው ውስጥ ውሃው በእሳተ ገሞራ ዓለት መሐል ሲያልፍ ፍሎራይድ ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የወንጂ ጉድጓዶች ይህን በብዙ አልፈው ነበር። ጥርስ ብቻ አይደለም የጎዳው። ለዓመታት የጠጡ የስኳር እርሻ ሠራተኞች አጥንታቸው ደርቆ ወገባቸውን ማጠፍ አቅቷቸዋል። ያን ውሃ ሰው አልመረዘውም። ንጹህ የተፈጥሮ ውሃ ነበር።

ጓያም እንደዚያው ነው። ጓያ ድርቅ አይበግረውም፣ ማዳበሪያ አይፈልግም፣ መድኃኒትም አያሻውም። ከሱ በላይ ኦርጋኒክ የሚባል እህል የለም። ግን ውስጡ ነርቭ የሚጎዳ መርዝ አለው፤ ተክሉ ራሱ የሚሠራው። በክፉ ቀን ሌላ እህል ጠፍቶ ለወራት ጓያ ብቻ የበላ ሰው እግሩ ይሰንፋል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም። «ጓያ ሰበረው» የሚባለው ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ደግሞ ወጣቱ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት የጓያንም የስምጥ ሸለቆውን ፍሎራይድም ጉዳት አጥንተዋል። ሁለቱም የተፈጥሮ መርዝ መሆናቸው ሁሌ ይገርመኛል። አልፎ አልፎ ከሌላ እህል ጋር የተቀላቀለ ጓያ የበላ ሰው አይደንግጥ፤ አደጋው ለረጅም ጊዜ ዋና ምግብ ሲሆን ነው። መዘፍዘፍና ውሃውን መድፋትም መርዙን ይቀንሰዋል።

ሻጋታም አለ። እ.ኤ.አ. በ2004 ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ 317 ሰው ታሞ 125 ሰው ሞተ። ገዳዩ ጓሮአቸው ያመረቱት በቆሎ ነበር። ሳይደርቅ ቤት ውስጥ ተከምሮ ሻገተ፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን ሠራ። አፍላቶክሲን ጉበት ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ የተረጋገጠ ነገር ነው። መቀቀል አያጠፋውም። እኛም ጋ በበርበሬ፣ በለውዝ፣ በበቆሎ ላይ ይመጣል። የሻገተ ፋጉሎ የበላች ላም በወተቷ ታስተላልፈዋለች። ስለዚህ የሻገተ ለውዝ ስታገኙ የሻገተውን ለቅሞ ቀሪውን መብላት ይቅር። እርጥብ በርበሬ በላስቲክ ጠቅልሎ ማስቀመጥም ይቅር። ይህን ምክር ከኦርጋኒኩ ወሬ ሁሉ አስበልጬ ነው የምነግራችሁ።

ጀርመን ውስጥ የሆነውን ደግሞ ስሙ። እ.ኤ.አ. በ2011 ግንቦት ላይ ሰው በድንገት በደም ተቅማጥ መውደቅ ጀመረ። መጀመሪያ የስፔን ኪያር ተጠረጠረ። በኋላ ምንጩ የአብሽ በቆልት ሆኖ ተገኘ። አዎ፣ የኛው አብሽ። ፍሬው ከግብፅ የመጣ ነው፤ በቆልቱ የተመረተው በአንድ የኦርጋኒክ እርሻ ነበር። ወደ 4 ሺህ ሰው ታመመ፣ ከ50 በላይ ሞተ። በቆልት ሞቃትና እርጥብ ቦታ ነው የሚያድገው፤ ለባክቴሪያም ያ ቦታ ምቹ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ጥሬውን በሉት። ኦርጋኒክ ስለሆነ አልነበረም የገደላቸው። ኦርጋኒክ መሆኑ ግን አላዳናቸውም።

ኦርጋኒክ እርሻም ቢሆን የራሱ ርጭት አለው። ከአበባ የሚወጣው ፓይሬትረም ይፈቀዳል፣ የመዳብ ውህዶችም ይፈቀዳሉ። መዳብ አፈር ውስጥ ይጠራቀማል። ፍግ ደግሞ ካልበሰለ ተውሳክ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ነው የአሜሪካው የኦርጋኒክ ደንብ ጥሬ ፍግ ከተበተነ በኋላ አፈር የሚነካ ሰብል ለማንሳት 120 ቀን ጠብቁ የሚለው። እኛ ጋ ትኩስ እበት በትኖ በ3 ሳምንት ሰላጣ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ። እሱም «የሀበሻ ነው» ብሎ ነው የሚሸጠው።

ውሃው ላይ ብዙ አልቆይም፤ ታውቁታላችሁና። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ጉድፍ ይዞ ከቆቃ በላይ አዋሽን ይቀላቀላል። ከዚያ በታች በፓምፕ የሚሳበው ውሃ ነው አትክልቱን የሚያጠጣው፤ ኬሚካል የሚረጨውም የማይረጨውም ገበሬ ከዚያው ይቀዳል። እውነቱን ልናገር፣ አዳማ ውስጥ ጥሬ ሰላጣ የበላ ልጅ ነገ የሚታመመው በፀረ ተባይ ቅሪት ከሚሆን ይልቅ በታይፎይድ፣ በአሜባ፣ በወስፋት የመሆኑ ዕድል ይበልጣል።

የቡናችንን ታሪክ ላንሳ፤ እኔን በጣም ያስተማረኝ እሱ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ቡናውን በአብዛኛው ኬሚካል ሳያስጠጋው ነው የሚያበቅለው። ምስክር ወረቀት ባይኖረውም ኦርጋኒክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ግን ጃፓን የላክንላት ቡና ላይ ከተፈቀደው በላይ የፀረ ተባይ ቅሪት አገኘሁ አለች። ጃፓን ከትልልቅ ገዢዎቻችን አንዷ ነበረች፤ ገበያው ተንኮታኮተ። ማሳ ላይ ያልተረጨ ነገር ከየት መጣ? ጥርጣሬው ያረፈው ጆንያው ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ከለፋበት ማሳ በንጽህና የወጣ ቡና ጆንያ ውስጥ ገብቶ ሳይበላሽ አልቀረም። ከማሳ እስከ አፍ ያለው መንገድ ረጅም ነው። «ኦርጋኒክ» የሚለው ስም የሚነግረን የመጀመሪያዋን እርምጃ ብቻ ነው።

ቤታችሁም ውስጥ ያ መንገድ ይቀጥላል። እህል በጆንያ ስታስቀምጡ የነቀዝ መድኃኒት የሚባለውን ክኒን የምትጨምሩ ካላችሁ፣ እለምናችኋለሁ፣ በምትተኙበት ክፍል አታድርጉት። ክኒኑ እርጥበት ሲነካው ጋዝ ያወጣል፤ ያ ጋዝ ነቀዙን ብቻ አይደለም የሚገድለው። ሽታው ሳይሰማችሁ ሊቀድማችሁ ይችላል። ከዚህ የሚሻል ነገር ገበያ ላይ አለ። ሦስት ድርብ የሆነ አየር የማያስገባ ከረጢት ነው። እህሉን በደንብ አድርቃችሁ ሞልታችሁ ስታስሩት ነቀዙ ያለውን አየር ጨርሶ ራሱ ይሞታል። መድኃኒት የለ፣ ጋዝ የለ።

እንግዲህ «ታዲያ ምን እንብላ?» ትሉኛላችሁ።

አትክልት ብሉ። ከዛሬው የበለጠ ብሉ። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገራችን በተደረገው ጥናት ከ100 አዋቂ ከ95 በላይ የሚሆነው ያን ያህል አይበላም ነበር። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ቅሪት ፈርታ ከልጇ ሳህን ላይ ቲማቲምና ካሮት የምታነሳ እናት፣ ልጇን ከትንሽ አደጋ አውጥታ ትልቁ ውስጥ ታስገባዋለች። እርስዎም እናቴ፣ ገበያ መውጣትዎን እንዳይተዉ።

ከገዙ በኋላ ያጥቡት። ቲማቲም ላይ አንዳንዴ ነጭ ወይም ሰማያዊ የሚመስል ዱቄት ታያላችሁ። ብዙ ሰው አቧራ ይመስለዋል። ብዙ ጊዜ ማንኮዜብ የሚባለው ፀረ ፈንገስ ነው። በነጠላ ጫፍ መጥረግ አይበቃም። ከቧንቧ በሚወርድ ውሃ፣ በእጃችሁ እያሻችሁ እጠቡ፤ እንጨቱ የነበረበትን ጎድጎድ ያለውን ቦታ አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ2017 የማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ፖም ላይ ሞክረው ቤኪንግ ሶዳ ከውሃ ብቻ እንደሚሻል አሳይተዋል። መጠኑ ለ1 ሊትር ውሃ 2 የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው፤ 15 ደቂቃ መዘፍዘፍና ማለቅለቅ። ከልጣጩ አልፎ የገባውን ግን አያወጣውም። ካሮትና ድንች ላጡ። የጥቅል ጎመንን የላይኛውን ቅጠል አንሱ። አቼቶ ሰላጣ ላይ ጀርም ይቀንሳል እንጂ ከታይፎይድ ዋስትና አይሆንም። ሕፃን ልጅ ካላችሁ አብስላችሁ ስጡት።

የሀበሻ እንቁላልስ? ከወደዳችሁት ብሉት፤ ጣዕሙን እኔም እወደዋለሁ። አስኳሉ የሚቀላው ዶሮዋ ሣርና በቆሎ ስለበላች ነው። ከተማ ውስጥ ቆሻሻ ገንዳ ስትጭር የዋለች ዶሮ ግን ምን እንደለቀመች አስቡበት።

ወተትና ሥጋ ላይ አንድ ነገር ብቻ። የታመመች ላም አንቲባዮቲክ ከተወጋች ወተቷ ለተወሰነ ቀን መሸጥ የለበትም። ወተት ከጎረቤት የምትገዙ ከሆነ ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም።

ቦታ ያላችሁ ደግሞ ትከሉ። ጎመን በአሮጌ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይበቅላል፤ አዳማ ፀሐይ አላነሳትም። መጀመሪያ ግን ከረጢቱ ምን ይዞ እንደነበረ እወቁ። የመድኃኒት ባዶ እቃ ደግሞ ለምንም እንዳትጠቀሙበት። የዚያ መድኃኒት ሲረጭ ያየሁት ልጅ እናት ቤት ስሄድ ውሃ የሚቀዳው የፀረ ተባይ ጀሪካን ውስጥ ነበር። ደጋግመን አጥበነዋል አሉኝ። ቢታጠብም አይለቅም።

በመጨረሻ ከታዳሚው አንድ አባት እጃቸውን አነሱ። «ኦርጋኒክ ይሻላል ነው የምትለው፣ አይሻልም?» አሉ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው። ለሚበላው ሰው፣ በደንብ ታጥቦ፣ ቀኑ ተጠብቆ ከተለቀመ ልዩነቱ ትንሽ ነው አልኳቸው። ለሚረጨው ልጅ ግን የሰማይና የምድር ያህል ነው። እኔ ርጭት ይቀንስ ብዬ የምከራከረው በመጀመሪያ ለእሱ ነው። ማሳውን በየቀኑ እያዩ ነፍሳቱ ሲበዙ ብቻ መርጨት ይቻላል። ሰብል ማፈራረቅ፣ ትሉ የያዘውን ፍሬ ለቅሞ መቅበር፣ የእሳት ራቱን በወጥመድ መያዝ ይቻላል። ይህ ሙሉ ኦርጋኒክ ላይሆን ይችላል። ሠርቼበታለሁ፣ ርጭቱ ቀንሶ አይቻለሁ፣ ምርቱም አልወደቀም።

አንዲት ወጣት እናት ደግሞ «ሻጯን መቼ ተረጨ ብዬ ብጠይቃት ታውቃለች?» አለች።

አታውቅም። እኔ ፍራንኮ ሰፈር አንዲት አትክልት ሻጭ ደንበኛ አለችኝ። መጀመሪያ ስጠይቃት ሳቀችብኝ። «ወንድሜ፣ እኔ ምን አውቄ፣ ከአይሱዙ ላይ ነው የማወርደው» አለች። በሚቀጥለው ሳምንት ደግሜ ጠየቅኳት፤ ደላላው ጋ ደወለች። ደላላው ገበሬው ጋ ደወለ። መልሱ «ሰኞ» ሆኖ መጣ። ያን ቀን ረቡዕ ነበር። እሷ ያን ሳጥን ሸጠችው፤ ምን ታድርግ፣ ገንዘቧ ነው። ለእኔ ግን ዝም ብላ ከሌላኛው ሳጥን መዘነችልኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ስሄድ ስልኳን በትከሻዋና በጆሮዋ መሐል ይዛ ሽንኩርት እየመዘነች አገኘኋት። «አይ፣ ቀኑን ንገረኝ» ትለዋለች። «ደንበኞቼ ይጠይቁኛል።»

ያኔ የሚጠይቃት እኔ ብቻ ነበርኩ።